ሥራህን ልቀቅ ባዮች

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ሥራውን ለቀቀ። በአንድ የሕንፃ አማካሪ ድርጅት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ንድፍ ሲሠራ የኖረ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው፣ የአንዲት ልጅ አባት ነው። ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «ኢንቫይሮመንት አርቲስት ልሆን ነው» አለኝ። እኔም የቃሉን ፊት ብቻ አይቼ፣ «ችግኝ ተከላ ገባህ እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ፤ ከዚያ ስልኩን አወጣና አንድ መተላለፊያ አሳየኝ። ግድግዳው ብረት ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ ከጣሪያው ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለኝ። በጣም ያምር ነበር። ከዚህ በፊት የት እንዳየሁት ግን ላስታውስ አልቻልኩም፤ መቶ ቦታ ሳላየው አልቀርም።

ይህ ጽሑፍ በወዳጄ ላይ የተሰነዘረ አይደለም። የተሰነዘረው እርሱን ለዚያ ውሳኔ ባበቁት ሰዎች ላይ ነው። ሁለት ወገን ናቸው። እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ ቢተዋወቁም አይዋደዱም፤ የሚያደርሱት ጉዳት ግን አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን «ይህ ደግሞ ሥራ ነው?» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ከዚህ ወዲያ ሥራ የለም፤ ያለህን ጥለህ ና» ይላል። በሁለቱ መካከል ሰውየው ይዞት የመጣው ሙያ እንደ አሮጌ ጫማ ደጅ ላይ ይቀራል።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። አንባቢ ቪዲዮ ጌም ተጫውቶ የማያውቅ ቢሆን እንኳ ልጁ ሲጫወት ከኋላው ቆሞ አይቶ ይሆናል። ልጁ የሚያየው የሚሮጠውን፣ የሚዘለውን፣ የሚተኩሰውን ሰው ነው። የሚሮጥበትን መንገድ ግን የሠራው ሰው አለ። መንገድ ዳር የወደቀችውን የተሸረፈች ገንቦ፣ ግድግዳው ላይ የወረደውን የዝናብ ውሃ ምልክት፣ በጣሪያው ቀዳዳ ገብቶ ወለሉ ላይ ያረፈውን ብርሃን አስቦ ያስቀመጠ ሰው አለ። እኛ በልብ ወለድ ትችት «መቼት» የምንለውን፣ ታሪኩ መቼና የት እንደሆነ የሚነግረንን ነገር፣ ደራሲ በቃላት ይሠራዋል፤ ይህኛው በምስል ይሠራዋል። ልዩነቱ የደራሲው አንባቢ ደራሲው ወደ ፈቀደለት ብቻ ሲመለከት፣ የዚህኛው ተጫዋች ግን ዞሮ የበሩን ጀርባ ማየት መቻሉ ነው። ስለዚህ ከበሩ ጀርባም አንድ ነገር መኖር አለበት። ከእንግዲህ ይህን ባለሙያ መቼት ሠሪ እለዋለሁ። የተሻለ ቃል ያለው ቢኖር በደስታ እቀበላለሁ።

የመጀመሪያውን ወገን ቶሎ ልሸኘው። የወዳጄ አባት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ እኔ ያስተማርኩህ ቤት እንድትሠራ ነው እንጂ በቤት ሥዕል እንድትጫወት አይደለም» አሉት። «አባባ፣ እኔ እኮ ዱሮም ቤት ሠርቼ አላውቅም። የሠራሁት የቤት ሥዕል ነው። ግማሹም ሳይገነባ ቀርቷል» አላቸው። አባትየው ዝም አሉ። የእርሳቸው ስጋት የአባት ስጋት ነውና አልፈርድባቸውም። የምፈርደው በተማሩት ላይ ነው፤ በሥዕል ኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ ብርጭቆ ጨብጠው፣ ጌም የሚባለው ነገር የሕፃናት ማደንዘዣ እንጂ ከጥበብ መንደር ሊቆጠር አይችልም በሚሉት ላይ። እነዚህ ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው የሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ተብሎ ይጠራ እንደነበር ረስተውታል። ዛሬ ስለ ፊልም ጥበብ ለመናገር ማንም አይቀድማቸውም።

ሙያ መቀየርም ቢሆን ለዚች አገር ጥበብ እንግዳ ነገር አይደለም። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ተምረው እንዲመለሱ ነበር። ሥዕል ተምረው ተመለሱ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ፊት ለፊት ቆሞ፣ «አንድ የማዕድን መሐንዲስ ቀረብን» ብሎ የተቆጨ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው ወገን ከመጀመሪያው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የሚናገረው ነገር ደስ ይላልና። ወዳጄን ያማለለው ማስታወቂያ ላይ አንድ ወጣት ፈገግ ብሎ፣ እርሱም ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሮ ውስጥ ታስሮ እንደነበር ይናገራል። «ታስሮ» ነው የሚለው፤ ደመወዝ እየተከፈለው። ከዚያ በስድስት ወር ውስጥ ማንኛውም ሰው፣ የሥዕል ችሎታ ሳይኖረው፣ የቀድሞ ሙያው ምንም ይሁን ምን፣ ትልልቆቹ የጌም ኩባንያዎች የሚሻሙበት ባለሙያ መሆን እንደሚችል ያበሥራል። የቀድሞ ሙያህ ምንም ይሁን ምን! ይህች ሐረግ የቸርነት ቃል ትመስላለች። በትክክል ሲነበብ ግን «እስከ ዛሬ የኖርከው ሁሉ ዋጋ የለውም» ማለት ነው። ሻጩ ይህን ማለት ግድ ይለዋል፤ ገዢው ባዶ እጁን የመጣ ካልመሰለው ስድስት ወር ሙሉ አይከፍልምና።

ክፍያው ደግሞ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ትምህርቱ አንድ ገጽ ሳይጨመርበት በእኛ ሰው ኪስ ላይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ላኪ ዘመድ የሌለው፣ ውጭ አገር ካርድ ያለው ወዳጅ የሌለው ሰው ደግሞ የሚከፍልበት መንገድ ራሱ ሌላ ሙያ ነው።

ለመሆኑ ወዳጄ በስድስት ወር ምን ተማረ? የትኛውን ቁልፍ ሲጫን ምን እንደሚሆን ተማረ። ይህን አላቃልልም፤ ሳይማሩት አይሠራም። በትምህርቱ መጨረሻ ሦስት ሥራዎች ነበሩት። አንደኛው ያ የብረት መተላለፊያ ነው። ሁለተኛው የሰሜን አውሮፓ የጥንት መጠጥ ቤት ነው፤ በርሜል፣ የሻማ መቅረዝ፣ ወፍራም የእንጨት ምሰሶ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጋሻ። ሦስተኛው ጫካ ውስጥ የፈረሰ ቤተ መቅደስ ነው፤ የየትኛው አገር፣ የየትኛው ሃይማኖት እንደሆነ አይታወቅም። ከእርሱ ጋር የተማሩትም በየአገራቸው ሆነው እነዚህኑ ሦስቱን ሠርተዋል። ቀጣሪ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ቀን መቶ የመጠጥ ቤት ሲደርስ፣ መቶ አንደኛው ከአዲስ አበባ መምጣቱን በምን ያውቃል? ወዳጄ በዕድሜው እንዲህ ያለ መጠጥ ቤት ገብቶ አያውቅም። ጠጅ ቤት ግን ያውቃል። የጠጅ ቤት አግዳሚ ወንበር የትኛው ጫፉ በሰው ቂጥ ብዛት እንደሚያብረቀርቅ ያውቃል።

ሶፍትዌሩ ሙያው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር። በዚያ ዓመት ብሌንደር የተባለው የሦስት አውታር መሥሪያ ፕሮግራም ባለቤት ኩባንያው ሲዘጋ፣ ወዳጆቹ በሰባት ሳምንት 100,000 ዩሮ አዋጥተው ነፃ አወጡት። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተር ያለው ሁሉ ያለ አንዲት ሳንቲም ይጠቀምበታል። መሣሪያው በነፃ ተገኘ። መቼት ሠሪ ግን አሁንም እንደ ድሮው በልፋት ነው የሚገኘው። መጋዝ የያዘ ሁሉ አናጢ እንደማይሆን ለማወቅ ተምሮ መምጣት አያስፈልግም፤ የሠፈሬ አናጢ ይህን ከእኔ በተሻለ ያስረዳል።

እስቲ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ወዳጄ ቁጭ አድርጎ አሳይቶኛልና። በመጀመሪያ ቦታው በግራጫ ሣጥኖች ብቻ ይቆማል። ጌጥ የለም፤ ቀለም የለም፤ ተጫዋቹ ከየት ገብቶ ወዴት እንደሚወጣ፣ የት ቆም ብሎ ሩቅ እንደሚያይ ብቻ ይሞከራል። ይህ ሲያምር ክፍሎቹ ይሠራሉ። ከተማ ሁሉ እንደ አዲስ አይሠራም፤ አንድ ግድግዳ፣ አንድ ማዕዘን፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ደረጃ ተሠርቶ እንደ ሸክላ ጡብ እየተገጣጠመ ነው መንደር የሚሆነው። ስካይሪም የተባለው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጌም ያ ሁሉ ዋሻና ምሽጉ የተገነባው እንዲህ ባሉ ተገጣጣሚ ክፍሎች ነው። እዚህ ላይ የባለሙያው ብልሃት ተጫዋቹ ያንኑ ግድግዳ አርባ ጊዜ እያየ አርባ ግድግዳ እንዲመስለው ማድረግ ነው። ቀጥሎ የእያንዳንዱ ቅርጽ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተገፍፎ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ይዘረጋል፤ ቀለሙና ዝገቱ እዚያ ላይ ይሣልና ተመልሶ ይለብሳል። በመጨረሻም ብርሃን ይገባል። መቼት ሠሪ ሁሉ እንደሚለው ብርሃን ያልገባበት ሥራ ገና አልተሠራም።

ይህ ሁሉ ደግሞ በሚዛን ነው። ጌሙ በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ አንዱን ምስል ሠርቶ ለማቅረብ ያለው ጊዜ 16 ሚሊ ሰከንድ ከምናምን ብቻ ነው። ከዚያች ጊዜ ላይ የሰዎቹ እንቅስቃሴም፣ የጥይቱ ጭስም፣ የጠላት አስተሳሰብም ድርሻ አላቸው። የእኛ ሰው ገንቦ ከመጠን በላይ ካማረች ጌሙ ይንተፋተፋል። ስለዚህ ቅርብ ለሚታየው አንድ፣ ሩቅ ለሚታየው ሌላ ቀለል ያለ ገንቦ ይሠራል። ይህን ገደብ ሳውቅ ነው ለሙያው ያለኝ አክብሮት የጨመረው። በተወሰነ መስመር፣ በተወሰነ ቤት ግጥም የሚገጥም ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል።

ይሁንና ከዚህ ሁሉ ውስጥ በስድስት ወር የማይማሩት ነገር አንድ ነው፤ ማየት። በር ሲያረጅ ቀለሙ የሚነሣው ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። በእጀታው ዙሪያ፣ በእግር በሚገፋበት በታችኛው ጫፍ፣ ዝናብ በሚመታው ወገን ነው የሚነሣው። ጀማሪ መቼት ሠሪ ዝገቱን እንደ በርበሬ በሁሉም ቦታ ይነሰንሰዋል። አሥራ አንድ ዓመት ቤት ሲለካ የኖረ ሰው ግን ቆርቆሮ ከየትኛው ምስማር ጀምሮ እንደሚዝግ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ነው «ጥለህ ና» የሚሉት።

ጥለው ያልመጡት ሰዎች የት እንደደረሱ እንመልከት። ራንድ ሚለር ጌም ለመሥራት ከወንድሙ ከሮቢን ጋር ኩባንያ ያቋቋመው በባንክ ቤት ፕሮግራመር ሆኖ ሲሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ሚስት የተባለው ጌም ውስጥ የሚተኮስ የለም፤ የሚሞት የለም፤ ያለው ደሴት ነው። ደሴቲቱ ራሷ ናት ተጫዋቹን የያዘችው፤ ከስድስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዘ ዊትነስ ደግሞ የደሴቱ ሕንፃዎችና መልክዓ ምድር ሲነደፉ ዲያና ቫን ቢዩረንን የመሰሉ እውነተኛ አርክቴክቶችና የመልክዓ ምድር ነዳፊዎች ተቀጥረውበታል። ማንም አርክቴክትነታችሁን ትታችሁ ኑ አላላቸውም፤ የተፈለጉት ለእርሱ ነበርና።

ከሁሉም በላይ የምወደው የቪክቶር አንቶኖቭን ነው። ይህ ሰው የቡልጋሪያ ተወላጅ ነው፤ ሶፊያ ያደገ። እ.ኤ.አ. በ2004 ለወጣው ሃፍ ላይፍ 2 ሲቲ 17 የተባለችውን ከተማ ሲፈጥር የልጅነት ከተማውን ይዞ ገባ፤ የምሥራቅ አውሮፓ የመኖሪያ ሕንፃ፣ የትራም ሽቦ፣ የተላጠ ልስን፣ ከዚያ ላይ የተተከለ ባዕድ ብረት። በዚያ ዘመን ብዙው የጌም ከተማ አሜሪካ ወይም ሌላ ፕላኔት ነበር። አንቶኖቭ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ሲሞት በዓለም ዙሪያ ያዘኑለት ሰዎች አብዛኞቹ ሶፊያን በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ግን በእርሷ መንገዶች ተመላልሰዋል።

የፓሪሱን የኖትር ዳም ካቴድራል ነገርም ላንሣ፤ ብዙ ሰው የተሳሳተ ነገር ስለሚያወራበት ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2014 ለወጣው አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ ካሮሊን ሚዩስ የተባለች ባለሙያ ከአንድ ዓመት በላይ ያን ካቴድራል ስትሠራ ቆየች። ሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ካቴድራሉ ሲቃጠል፣ በጌሙ ተመልክተው መልሰው ይሠሩታል የሚል ወሬ ዓለምን ሞላ። አልሆነም፤ ለመልሶ ግንባታው ያገለገለው በሌዘር የተነሣው ልኬት ነው። የጌሙ ካቴድራል ለጨዋታው እንዲመች ተለዋውጦ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተተከለውን ሾጣጣ ሳይቀር በአብዮቱ ዘመን ላይ አቁመውበታል። ሆኖም ኩባንያው ጌሙን ለአንድ ሳምንት በነፃ ሲለቅ፣ ሰው ገብቶ በተቃጠለው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆመ። ልኬቱ ልክ አይደለም፤ ግን እዚያ መቆም ይቻላል። ይህን ፎቶግራፍ አያደርግም።

በዚህ ሁሉ የቀድሞ ሙያ እንዳለ ይገባል ማለቴ አይደለም። ወዳጄን በመጀመሪያ ያሰቃየው አርክቴክትነቱ ነበር። በሩን በሁለት ሜትር ከአሥር ሲሠራ ተጫዋቹ የሚያጮልቅበት ካሜራ ግድግዳ ውስጥ ይገባበታል። የጌም በርና ኮሪደር ከእውነተኛው ሰፋ ማለት አለበት። ልቡ እየደማ አሰፋው።

አሁን ደግሞ ሻጮቹ ወደማያነሡት ነገር እንሂድ። «ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይሻሙብሃል» በተባለበት በዚሁ ዘመን ትልልቆቹ ምን እያደረጉ ነው? ኤፒክ ጌምስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ወደ 830 ሠራተኛ አሰናበተ። በጥር 2024 ዩኒቲ 1,800፣ ማይክሮሶፍት ከጌም ክፍሉ 1,900፤ በየካቲት ሶኒ 900 ያህል አሰናበቱ። ቅነሳውን እየተከታተሉ የሚመዘግቡ ሰዎች ግምት ለ2023 ወደ 10,500፣ ለ2024 ከ14,000 በላይ ነው። በሐምሌ 2025 ማይክሮሶፍት በድጋሚ ቀነሰ፤ ለዓመታት ሲሠራ የነበረ ጌምም ተሰረዘ። ከእነዚህ መካከል አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሠሩ መቼት ሠሪዎች አሉ። ወዳጄ የሚወዳደረው ከማን ጋር እንደሆነ ይታያችሁ። ስድስት ወር የተማረ የሁለት ዓመት ልጅ አባት፣ ሥራውን የለቀቀ፣ ከእነዚያ ጋር በአንድ ሰልፍ ቆሟል። ይህን እያወቀ «ልቀቅ» የሚል ሰው መምህር አይባልም።

ሥራ የተገኘ ዕለትም ነገሩ ሁሉ ማር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የአንድ የጌም ሠራተኛ እጮኛ ስሟን ሳትገልጽ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ሰዎቹ በሳምንት ሰባት ቀን ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ እንደሚሠሩ አጋለጠች። ከዚያው ኩባንያ ጋር በፍርድ ቤት ሲሟገቱ የነበሩት ሥዕል ሠሪዎቹ ናቸው፤ ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2005 ከእነርሱ ጋር የታረቀው በ15.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሥራውም በቅጽበት ሊጠፋ ይችላል። ሶኒ ኮንኮርድ የተባለውን ጌም ነሐሴ 23 ቀን 2024 አውጥቶ መስከረም 6 ከገበያ አነሣው፤ በጥቅምት ስቱዲዮውን ዘጋው። ለዓመታት የተሠራ ዓለም፣ ግድግዳው፣ ሰማዩ፣ ድንጋዩ፣ ሁለት ሳምንት ኖሮ ጠፋ። የፈረሰ ቤት ቢያንስ ፍርስራሽ ይተዋል።

ስለ ማሽኑም ዝም ማለት አይቻልም። ክዊክሰል የተባለው የስዊድን ኩባንያ ድንጋይና አፈር፣ የዛፍ ቅርፊትና ቅጠል በዓለም ዙሪያ እየዞረ በካሜራ ሲያነሣ ኖሮ በ2019 ኤፒክ ገዛው፤ እስከ 2024 ማብቂያ ድረስም ስብስቡን የኤፒክ መሣሪያ ተጠቃሚዎች በነፃ ሲወስዱት ነበር። ያን ጊዜ ነው ድንጋይ መቅረጽ ብቻ የሚያውቅ ሰው የተጨነቀው። በነሐሴ 2025 ደግሞ የጉግል ተመራማሪዎች ጂኒ 3 የተባለ ነገር አሳዩ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ሲጽፉለት ሊዘዋወሩበት የሚቻል ዓለም ለጥቂት ደቂቃ ያቆማል። መጠጥ ቤት በለው፣ መጠጥ ቤት ይሠራል። የብረት መተላለፊያ በለው፣ ሰማያዊ መብራቱን ሳይቀር ይሠራል። ምክንያቱም እነዚህን ሺህ ጊዜ አይቷቸዋል። እንግዲህ ያ ትምህርት በዶላር የሸጠልን ማሽኑ ከሁሉ በፊት የሚያውቀውን ነገር ነው።

ታዲያ ማሽኑ የማያውቀው ምንድን ነው? ማንም ያልሠራውን ነው። ኢትዮጵያ በጌም ውስጥ አለች፤ ግን በሌላ ሰው እጅ። ሲቪላይዜሽን 6 እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጭማሪ ዳግማዊ ምኒልክን መሪ አድርጎ፣ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ደግሞ በካርታው ላይ እንደ እርሻ የሚተከል ምልክት አድርጎ አቅርቧል። በኮረብታው ላይ ጠቅ ታደርጋለህ፣ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ይበቅላል። አልቀየምም፤ የጨዋታው ሕግ ለሁሉም አገር ያው ነው። ሆኖም ከውጭ የመጣው ሰው ማየት የሚችለው ላሊበላን ነው። ዶሮ ማነቂያን ማየት አይችልም።

ወዳጄ ዶሮ ማነቂያን አይቷል። አይቷል ብቻ አይደለም፣ ለክቶታል። በድርጅቱ ሥራ ምክንያት ፒያሳን ቤት ለቤት ዞሮ፣ የሰገነቱን እንጨት፣ የክፈፉን ጥርስ፣ የደረጃውን ከፍታ በማስታወሻ ደብተር መዝግቦ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሠፈሩ ፈረሰ። የመፍረሱን ተገቢነት እዚህ አልከራከርም፤ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ደብተሮቹ ግን አሉ። አምስት ናቸው፤ ቁም ሣጥን ላይ፣ በላስቲክ ተጠቅልለው። ሰውየው አምስቱን ደብተር አልጋው ራስጌ አስቀምጦ የኖርዌይ በርሜል ሲቀርጽ ነው የከረመው! ለምን ቢባል፣ ትምህርቱ ላይ ማንም «ቤትህ ምን አለ?» ብሎ ስላልጠየቀው ነው።

ይህን ስነግረው ተቆጣ። «ፒያሳን ማን ይገዛዋል?» አለኝ። «ቀጣሪው ሞንትሪያል ወይም ስቶክሆልም ተቀምጦ የሚፈልገው የሚያውቀውን ነው። አንተ ጽሑፍህን ትጽፋለህ፤ እኔ የወተት መግዣ አለብኝ።» ከተናገረው ውስጥ እውነትም አለበት። ቀጣሪ የሰውን ናፍቆት አይቀጥርም። ሆኖም መልስ አለኝ። ሲቲ 17ን የገዙት ሰዎች ሶፊያን ስለወደዱ አልገዙትም፤ ሠሪው የሚያውቀውን ቦታ የሠራ መሆኑ ከእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ ስለሚታይ ነው። አንድ የተለካ ደረጃ፣ አንድ የኖረ በር፣ በትክክል ተሠርቶና በሚዛኑ ገብቶ፣ ከመቶ መጠጥ ቤት ይልቅ የሰውየውን ዓይን ያስመሰክራል። ካልሆነም አልሆነም፤ ቢያንስ የወደቀው በራሱ ሥራ ይሆናል። ለወተቱ ደግሞ ደመወዝ ያስፈልጋል። ሥራህን አትልቀቅ ያልኩት ለዚህ ነው። እርሱ ግን ቀድሞ ለቆ ነበር።

ከመስከረም ወዲህ በሌላ ቢሮ በሳምንት ሦስት ቀን ንድፍ ይሠራል፤ ከበፊቱ ያነሰ ይከፈለዋል። በጌም ሥራ የቀጠረው እስካሁን የለም። በቀሩት ቀናትና ማታ ማታ መብራት ሲኖር የዶሮ ማነቂያን አንድ ባለ ፎቅ ቤት እየሠራ ነው። የመስኮቱ መዝጊያ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። የብረት መተላለፊያው አራት ቀን ነበር የፈጀው።

ባለፈው እሑድ ቤቱ ሄጄ ነበር። አባቱም ነበሩ። ኮምፒዩተሩ ፊት አልቀረቡም፤ ከሶፋው ሆነው በመነጽራቸው በላይ እያዩ ነው። ልጃቸው ቤቱን አዞረውና ከበታች ወደ ላይ የሚወጣውን የእንጨት ደረጃ አሳየኝ። «አራተኛው እርከን ዝቅ ያለ ነበር» አሉ ድንገት፤ «በወጣትነቴ እዚያ ልብስ ሰፊ ዘንድ ስመላለስ እግሬ ሁልጊዜ ይስታል።» ወዳጄ ተነሥቶ ከቁም ሣጥኑ ላይ ሁለተኛውን ደብተር አወረደ፤ ገጹን ፈለገ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይላል። ቁጭ አለና እርከኑን ዝቅ አደረገው።